የወደቀውን እንዳትነኩ

ባለቤቴ የብርጓል ሀብተ ሥላሴ በባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር፣ የቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች። ካረፈች ሁለተኛ ክረምቷን ይዛለች። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ስለ ደግነቷ አወራ። እውነት ነው፣ ደግ ነበረች። እኔ የምኮራባት ግን በሌላ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ክፉ ትምህርት ነው ያለውን አንድ ነገር፣ ትክክል መሆኑን ስላወቀች ብቻ፣ ሳትተው አስተምራለች። ይህን የምጽፈው ያን ጊዜ ያላዩት እንዲያውቁት ነው።

የተወለደችው ጣና ዳር ነው። አባቷ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ በአንዲት የሐይቅ ዳር ደብር ድጓ ያስተምሩ ነበር። ፊደል የቆጠረችው በአባቷ ደጅ፣ ከወንዶቹ ተማሪዎች ኋላ ተቀምጣ ነው። ከዚያ ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ ሆና አስኳላ ተማረች። እኔ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ስሠራ ተዋወቅን፣ ተጋባን። ሰውነቷ ትንሽ ነበር፤ ድምፅዋም ከፍ አይልም። ስትናደድ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ሥራ ትጀምራለች። ሳትጠየቅ ቤቱን ሁሉ ስታጥብ ካየሁ፣ አንድ ሰው እንዳስቀየማት አውቃለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ሰባዎቹ ከገቡ በኋላ። ቀበሌው ከተወረሱት ቤቶች አንዱን፣ ሰፊ ግቢና በረንዳ ያለውን፣ ለሕፃናት መዋያ ሰጠ። የብርጓል አጭር ሥልጠና ወስዳ ተመደበችበት። ያኔ በሰፈራችን ቆጣሪ ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ያለው ለሌለው ገመድ ይስብለታል። ገመዱ በአጥር ላይ ያልፋል፣ በቆርቆሮ ጠርዝ ይታጠፋል፣ የተላጠው ቦታ በጨርቅ ይታሰራል። ክረምት ሲመጣ ጨርቁ ይርሳል። የታጠበ ልብስ የሚያሰጡበት እናቶችም ነበሩ፤ ጠንካራ ገመድ ነዋ።

በአንዱ ዓመት ሐምሌ ላይ ጎረቤታችን ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል የባላቸውን ተዝካር አወጡ። ለድንኳኑ መብራት ከጎረቤት ገመድ ተስቦ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ድንኳኑን ሊያፈርሱ ገቡ። ታላቁ አዘዘ፣ ታናሹ ገብረ መስቀል ይባላሉ። ገመዱ ከድንኳኑ ብረት ጋር ሲፋተግ አድሮ ተላጦ ኖሮ፣ አዘዘ ብረቱን ሲጨብጥ ኮረንቲ ያዘው። ታናሽየው «ወንድሜን!» ብሎ ዘሎ አቀፈው። ሌላ ሰው ደርሶ ቆጣሪውን እስኪያጠፋ ድረስ ሁለቱም አልቀው ነበር።

የብርጓል ዕቃ ለማጣጠብ ሄዳ ስለነበር በዓይኗ አይታለች። ገመዱን ሊፈታ የመጣው የመብራት ኃይል ሠራተኛ፣ «ታናሹ ባይነካው ኖሮ ቢያንስ እሱ ይተርፍ ነበር። መጀመሪያ ማጥፋት ነው እንጂ የተያዘ ሰው አይነካም» ሲል ሰምታለች። ከቀብር ስንመለስ ከእኔ ቀድማ ሄደች። ቤት ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ኪዳኔ፣ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ልጃቸውን በደንብ ነው ያሳደጉት» አለችኝ።

«ማን ይጠራጠራል?» አልኋት።

«ባለጌ ቢሆን ኖሮ ይተርፍላቸው ነበር።»

ከዚያ ተነሥታ ቤቱን ታጥብ ጀመር።

መስከረም ላይ ልጆቹ ሲመለሱ ስለ ኮረንቲ ማስተማር ጀመረች። ሶኬት ውስጥ ምስማር አትክተቱ፣ በእርጥብ እጅ ማብሪያ አትንኩ፣ ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቶ ካያችሁ ለእናታችሁ ንገሩ፣ ከመብራት ምሰሶ የተበጠሰ ሽቦ መንገድ ላይ ወድቆ ካያችሁ በሩቁ ቁሙና ሰው እንዳያልፍ ጩኹ። ይህን ልጆቹ ቶሎ ያዙት፤ ሰፈሩም ወደደው። አስቸጋሪው የመጨረሻው ነበር። «ኮረንቲ የያዘው ሰው ብታዩ ትነኩታላችሁ?» ስትላቸው «አንነካም!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። በዚያው ቀን አንዱ ልጅ ከዥዋዥዌ ሲወድቅ ግን ሁሉም ተንጋግተው ሄደው ተረባርበው አነሡት። ቆማ ስታያቸው እንደነበር ማታ ነገረችኝ።

«በአፋቸው ብቻ ነው የያዙት። እጃቸው አልተማረም» አለች።

«ደግ ልጆች ናቸዋ!»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

ስለዚህ ጨዋታ ፈጠረችላቸው። ከአጥሩ ላይ አንድ የቃጫ ገመድ ታንጠለጥላለች። አንድ ልጅ ገመዱን ይዞ ይወድቃል። የነካው ልጅ ሁሉ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ እሱን የነካም እንዲሁ። አንዱ ልጅ ደግሞ አባወራ ሆኖ በረንዳው ላይ እንቅልፍ ተኝቷል። እሱን ጮኾ ቀስቅሶ «ቆጣሪውን» ያስጠፋ ሰው የተጣበቁትን ሁሉ ነፃ ያወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ተቆልለው ነበር የሚቀሩት፤ የሚቀሰቅስ ሰው ጠፍቶ አባወራው እውነተኛ እንቅልፍ ወሰደው አሉ። ለትልልቆቹ ደግሞ ገመዱን ከተያዘው ልጅ ላይ የሚገፉበት ሁለት ዱላ ታስቀምጣለች። አንዱን ውኃ ነክራዋለች። ሳይዳስስ እርጥቡን ያነሣ ልጅ «ሞተሃል!» ይባላል።

እየቆየ ልጆቹ ግጥም አበጁለት። እኔ ከሥራ ስመለስ ከመንገዱ ማዶ ይሰማኝ ነበር፦

«ምን ያዘው?»
«ኮረንቲ!»
«ልቀፈው?»
«እንዳትነካው!»
«ልሽሽ?»
«የት ልትሄድ!»
«ምን ልበል?»
«ቆጣሪ! ቆጣሪ!»

መከራ የመጣው በዚህ ግጥም ነው።

ከልጆቹ አንዷ እሌኒ ትባላለች፤ ስድስት ዓመት ያልሞላት፣ ጥርሷ የወለቀ፣ ድምፅዋ ግን ለአውራጃ የሚበቃ። እናቷ ባንቺአየሁ የሰፈራችን አንደበተ ርቱዕ ነች። አንድ ቀን ባንቺአየሁ ከቦኖ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ጭቃ አዳልጧት፣ በጀርባዋ ተዘረረች። ጎረቤት ሊያነሣት ሲሮጥ እሌኒ መሐል ገብታ ሁለት እጇን ዘረጋችና «እንዳትነኳት! ቆጣሪ! ቆጣሪ!» እያለች ሰፈሩን አናወጠችው። ሰው ግራ ተጋብቶ ቆመ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ባንቺአየሁም በጭቃው ውስጥ ጋደም ብላ የሳቁትን እየቆጠረች ቆየች።

ጭቃዋን ሳትታጠብ ወደ ቤታችን መጣች።

«የብርጓል! ነይ ውጪ!»

«ባንቺአየሁ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምን ሆንሁ? ወድቄ! ልጄ ቆማ እያየችኝ፣ ሰው እንዳያነሣኝ ከለከለች! አንቺ ነሽ ያስተማርሻት። ለዚህ ነው በጠዋት አጥቤ፣ አበጥሬ የምልክልሽ?»

«ተሳስታ ነው፤ ሽቦ በሌለበት…»

«ሽቦሽን ተይው! ነገ ብታመም በር ላይ ቆማ ‹ቆጣሪ› ልትለኝ ነው? እኔ ብሞት ደረቷን ትመታለች ወይስ እንዳትነኩ ትላለች?»

የብርጓል ሳቅ መጥቶባት ዋጠችው። ሳቀችብኝ ብላ ባንቺአየሁ ይበልጥ ተናደደች። «ከነገ ጀምሮ ልጄ አትመጣም። ሌላውም እናት እንዲያውቀው አደርጋለሁ» ብላ ሄደች፤ ያለችውንም አደረገች።

መሪጌታ ያን ጊዜ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ደብራቸውን ለደቀ መዝሙራቸው ለቀው መጥተዋል። ውስጥ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። ባንቺአየሁ ስትሄድ ልጃቸውን ጠሩ።

«የወደቀ አንሡ፣ የሞተ አትርሱ፤ ይህን ከማን ነው የሰማሽው?»

«ከእርስዎ ነው አባቴ።»

«እንግዲያ ምንድን ነው የምታስተምሪው? በወንጌል ወንበዶች ደብድበው የጣሉት ሰው ነበረ። ካህኑ አይቶት አለፈ፣ ሌዋዊው አይቶት አለፈ፣ ሳምራዊው ግን አነሣው። አንቺ ሳምራዊውን ትተሽ ካህኑንና ሌዋዊውን ታስተምሪያለሽ?»

«አባቴ፣ ያን ሰው ኮረንቲ ይዞት ቢሆን ኖሮ ሳምራዊውም አብሮት ይቀር ነበር። አህያውም ባለቤት ያጣ ነበር።»

«አትቀልጂ።»

«አልቀለድሁም።»

«ልጅ መልካም ነገር የሚማረው አንድ ጊዜ ነው» አሉ መሪጌታ። «አትንካ ብለሽ ካስተማርሽው፣ ለኮረንቲ ነው ያልሽው ለረኀብተኛውም ይሆንበታል። ተዪው ልጄ። እኔ በሕይወት ሳለሁ ተዪው።»

ይህ ከባንቺአየሁ ስድብ ይልቅ ከበዳት። አባቷን እምቢ ብላ አታውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን «እሺ» ሳትል ወጣች።

ከዚያ በኋላ መዋዕለ ሕፃናቱ እየሳሳ ሄደ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ የምትቀበለው ልጅ አነሰ። ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ጓድ አስማማው ጽሕፈት ቤት ጠርተው አነጋገሯት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን ከላይ የሚጠይቃቸውን ይፈራሉ። «የወደቀ ጓድህን አትንካ ማለት ግለኝነት ነው፤ ግለኝነት ደግሞ የት እንደሚያደርስ ታውቂያለሽ» አሏት። የት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያንና አብዮቱ በሰፈራችን ለአንድ ጊዜ ተስማሙ፤ የተስማሙትም በሚስቴ ላይ ነው።

የወላጆች ስብሰባ ለእሑድ ተጠራ። ወይ ጨዋታውን አቁማ ስሕተቷን በሕዝብ ፊት ትናገራለች፣ ወይ ሌላ መምህርት ይመደባል።

«ምን ልትዪ ነው?» አልኋት ቅዳሜ፣ ሽሮ ስትነፋ።

«ገና አላወቅሁም።»

«ለጊዜው ተሳስቻለሁ ብትዪስ? ሥራሽ ይቀርልሻል። አባትሽም ደስ ይላቸዋል።»

ወንፊቱን አስቀመጠችና አየችኝ።

«ከዚያ የሆነ ቀን አንዱ ልጅ ኮረንቲ የያዘውን ወንድሙን ሲያቅፍ ለእናቱ ማን ነው የሚነግራት? አንተ ነህ?»

ወንፊቱን አንሥቼ ሰጠኋት። እሷም ሽሮዋን ቀጠለች።

እሑድ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በመዋዕለ ሕፃናቱ ግቢ ተሰበሰበ። እናቶች ልጆቻቸውን የሚተዉበት ስለሌላቸው ይዘዋቸው መጥተዋል፤ ልጆቹ አጥሩ ሥር ይጫወታሉ። መሪጌታ ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ጥቁራቸውን ለብሰው ከኋላ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። በረንዳው ላይ ከቆጣሪው አጠገብ አንድ የአብዮት ጥበቃ፣ መርስዔ ኀዘን የሚባል ጎልማሳ፣ ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል።

ጓድ አስማማው የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ አስመጥተው ነበር። ገመዱ ከቤት ወጥቶ በበረንዳው በኩል ተስቧል፤ መሐሉ ላይ እንደ ልማዳችን ተላጦ በጨርቅ ታስሯል። ስለ ኅብረት ብዙ ተናገሩ። በንግግራቸው መሐል የብርጓል ወደ ቤት ገብታ ወጣች። ማጉያው ዝም ብሎ ነበር፤ ግን ጓድ አስማማው ያለ ማጉያም ይጮኹ ስለነበር ማንም ልብ አላለም።

ባንቺአየሁም ተናገረች። የጭቃውን ነገር በአካል እያሳየች ስትተርክ ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በመጨረሻ ዕድሉ ለየብርጓል ተሰጠ።

ከበረንዳው ወርዳ ገመዱ አጠገብ ቆመች። ድምፅዋ ደካማ ስለሆነ ሰው ለመስማት ጸጥ አለ።

«የእሌኒ እናት እውነቷን ነው» አለች። «ሽቦ በሌለበት የወደቀ ሰው ይነሣል። እዚህ ላይ ጎድሎብኛል፤ አስተካክላለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው ኮረንቲ ይዞት ብታዩ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?»

«አሁንማ ሰምተናል፤ አንነካም!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እርግጠኛ ናችሁ?»

«እርግጠኛ ነን!» አሉ ብዙዎች። «ይህን ለማወቅ አዋቂ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» አሉ ጓድ አስማማውም።

የብርጓል ራሷን ነቀነቀች። ዘወር ልትል አስመስላ ጎንበስ አለችና ጨርቅ የታሰረበትን ገመድ ጨበጠች። አንድ ድምፅ ብቻ አወጣች። ሰውነቷ ተገተረና ወደቀች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ተሰብስበን ካወራነው ነው፤ በጊዜው እኔ ምንም አላሰብሁም። መጀመሪያ የደረሰችው ባንቺአየሁ ነበረች። ያን ያህል ስትሰድባት የቆየችው ባንቺአየሁ «የብርጓል! ድረሱ!» ብላ ደረቷ ላይ ወደቀች። እኔ እጇን ያዝሁ። ጓድ አስማማው እኔን ያዙ። ሌሎች እናቶች ባንቺአየሁን ይጎትታሉ። መሪጌታ ዓይናቸው ሳያይ፣ ወንበራቸውን ገልብጠው፣ ድምፅ ተከትለው መጥተው ሌላውን እጇን አገኙትና ጨበጡት። ሰፈሩ ሁሉ ተቆለለ።

አጥሩ ሥር የነበሩት ልጆች ግን አልመጡም። ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ። እሌኒ ፊቷ በእንባ ታጥቦ፣ እግሯ መሬቱን እየደበደበ፣ እናቷን እያየች «እማዬ እንዳትነኪያት! እማዬ ልቀቂ!» ትል ነበር፤ አንዲት እርምጃ ግን አልቀረበችም። ሌሎቹ ወደ በረንዳው ዞረው መርስዔ ኀዘንን «ቆጣሪ! ቆጣሪ!» እያሉ ይጮኹበታል። እሱ ጠመንጃውን እንደያዘ ደንግጦ ቆሟል። አንዱ ልጅ ሱሪውን ጎተተው። ሌላው በጣቱ አሳየው። መርስዔ ኀዘን እንደ ነቃ ሰው ዘሎ የቆጣሪውን ማጥፊያ ወደ ታች አወረደው።

«ጠፍቷል!» አለ።

የብርጓል ከበታቻችን ሆና ዓይኗን ገለጠች።

«ባንቺአየሁ፣ ሞተሻል» አለች። «ጓድ አስማማው፣ ሞተዋል። ኪዳኔ፣ አንተም።» አንገቷን አዞረች። «አባቴ፣ እጄን ስለያዙት እርስዎም አልተረፉም። ከዚህ ግቢ በሕይወት ያለው መርስዔ ኀዘንና ልጆቹ ብቻ ናቸው። እሱንም የቀሰቀሱት እነሱ ናቸው።»

ገመዱን አስቀድማ ከሶኬቱ ነቅላው ነበር።

ባንቺአየሁ ከላይዋ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። «ቀልድ ነው ይሄ? ልቤን አፈረጥሽው!» አለች። ጓድ አስማማው ኮፍያቸውን ከመሬት አንሥተው አቧራውን ያራግፋሉ፤ ይቆጡ ወይም አይቆጡ ገና አልወሰኑም። እኔ እጇን እንደያዝሁ ነኝ፤ ልልቀቃት ብል ጣቶቼ እሺ አላሉኝም።

በዚህ መሐል ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ከግድግዳው ተላቀው መጡ። ልጆቻቸውን ከቀበሩ ጀምሮ በሰው ፊት ሲናገሩ ሰምተናቸው አናውቅም። ከጓድ አስማማው ፊት ቆሙ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ልጄ ገብረ መስቀል የወደቀውን ሁሉ የሚያነሣ ልጅ ነበር። ሁላችሁም ምስክር ናችሁ» አሉ።

«ነን እናታችን» አሉ ጓድ አስማማው።

«ዛሬ በሕይወት ኖሮ ባለጌ ብትሉት ይሻለኝ ነበር።»

ወደ እሌኒ ሄደው ጎንበስ አሉና በነጠላቸው ጫፍ እንባዋን ጠረጉላት። ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ስብሰባውም በዚያው አበቃ፤ ድምፅ ይሰጥ ያለ ሰው አልነበረም።

መሪጌታ ወደ ቤት ስንመለስ በእኔ ትከሻ ተደግፈው ሄዱ። ራት አልበሉም። የብርጓል ፈራች፤ በሕዝብ ፊት አባቷን እንዳዋረደች ቆጥራዋለች። በማግስቱ ጠዋት፣ እሷ ወደ ሥራዋ ልትወጣ ስትል፣ ከመደባቸው ላይ ሆነው ጠሯት።

«ሌሊቱን ያን ወንጌል ሳስበው አደርሁ» አሉ። «ካህኑ አይቶ ሄደ። ሌዋዊውም አይቶ ሄደ። እኔ ደግሞ ትናንት ሳላይ ቀረብሁ። ሳምራዊው ግን አይቶ ቀረበ። አይቶ ይላል።»

«አዎ አባቴ።»

«እንግዲያ ልጆቹን መጀመሪያ ማየት አስተምሪያቸው። ሽቦ ካለ ይጩኹ፤ ከሌለ ያንሡ። ይህ ስለጎደለ ነው ያች ምስኪን በጭቃ የተሳቀባት።»

የብርጓል ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸውም መረቋት፤ ቀጥለውም «ሁለተኛ ግን እንደዚያ ብታስደነግጪኝ እረግምሻለሁ» አሏት።

ያን ቀን ባንቺአየሁ እሌኒን ራሷ ይዛት መጣች። በር ላይ አድርሳት ትመለሳለች ሲባል ገብታ አጥሩ ሥር ተቀመጠች። «ትናንት ሞተሻል ተብያለሁ፤ እንዴት እንደሚተረፍ ሳላይ አልሄድም» አለች። በሳምንቱ ውስጥ ሌሎቹም ልጆች ተመለሱ። ግጥሙም ተለወጠ፤ ልጆቹ አሁን «ሽቦ አለ?» ብለው ነበር የሚጀምሩት።

ከትምህርት ክፍል ሰዎች መጥተው አዩ፤ በሌሎች ቀበሌዎች ያሉ መምህራን እየመጡ ከእሷ ተማሩ። እኔ የማስታውሰው ግን ያን አይደለም። ጓድ አስማማው የመርስዔ ኀዘን ደንግጦ መቆም ከንክኗቸው ኖሮ፣ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃዎች ሁሉ ይህን ትምህርት እንዲወስዱ አዘዙ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተሰልፈው፣ ጠመንጃቸውን አንግተው፣ ወደ ግቢው ገቡ። በዚያ ዘመን እነሱን ያየ ሰው መንገድ ይለቅ ነበር። ልጆቹ ጨዋታቸውን አቋረጡ።

የብርጓል ከበረንዳው ወርዳ ከፊታቸው ቆመች። ከመካከላቸው በጣም አጭር ከሆነው ሰውዬ ደረት እንኳ በታች ነበረች።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ጠመንጃውን እዚያ አጥሩ ላይ አስደግፉት» አለች።

አለቃቸው «ከጦር መሣሪያችን መለየት አልተፈቀደልንም» አለ።

«ብረት ነው» አለች። «ብረት ይዞ ወደ ኮረንቲ የሚቀርብ ሰው እኔ አላስተምርም።»

ተያዩ። መርስዔ ኀዘን መጀመሪያ ከትከሻው አወረደ። ከዚያ ሌሎቹ፣ በመጨረሻም አለቃቸው። ሁሉንም ጠመንጃ አጥሩ ላይ አስደገፉና ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ቆሙ።

«አሁን ከልጆቹ ኋላ ተሰለፉ፤ ተራችሁ ሲደርስ እጠራችኋለሁ» አለቻቸው።

ተሰለፉ።